የማን ሰርዶ ነው?

ልጇ ሲሚንቶውን ያመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አሥራ ሁለቱንም ከረጢት በትከሻው እየተሸከመ በረንዳው ላይ ደረደረ፤ እርጥበት እንዳይነካው ከላይ ላስቲክ አለበሰው፤ ከዚያም እጁን አራገፈና የእናቱን ፊት ላለማየት ግቢውን እያየ፣ «እንግዲህ እማዬ፣ ዝናቡ ሳይገባ ነው» አላት።

እናቱ የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። በእጇ አንድ ድንች ይዛለች። አሁን ከመሬት ያወጣችው ነው፤ ልታጥበው ስትል ነው ጉዱን ያየችው። የሰርዶ ሥር በአንድ ጎኑ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ሹል። ሰርዶ መሬት ለመሬት የሚሳብ ሣር መሆኑን ታውቃለች፤ አፈር ውስጥ ገብቶ ድንች ይበሳል ብሎ ሰው ቢነግራት ግን አታምንም ነበር። ዕድሜዋን በመርፌ የኖረች ሴት እንዲህ ያለ አወጋግ አይታ አታውቅም።

«ይኸው፣ እይልኝ» ብላ ድንቹን ዘረጋችለት።

ልጇ ግንበኛ ነው። ድንቹን በሻካራ ጣቱ አገላበጠው። «እኔ ምን አልኩሽ? ዛሬ ድንቹን ወጋ፣ ነገ እግርሽን ይወጋል።»

«እግሬ ድንች ነው?»

«እግርሽም ወገብሽም ድንች አይደለም። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።»

የሠፈሩ ሰው ይህችን ሴት እትዬ መርፌ ይላታል። ስሙ የወጣላት የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ በነበረበት ዘመን ነው፤ ምላሷም ወጋ ማድረግ ስለሚወድ ስሙ ሳይለቃት ቀረ። የምትሰፋበት ክፍል ርዝመቱ አራት፣ ወርዱ ሦስት እርምጃ ነበር። አንድ በር ወደ መንገድ፣ አንድ መስኮት ወደ ሰው ግድግዳ። ወለሉ ሲሚንቶ ነበር፤ በብርድ ወራት ቅዝቃዜው በጫማዋ ሶል ዘልቆ እስከ ጉልበቷ ይወጣ ነበር። እዚያች ክፍል ውስጥ፣ እግሯን የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አድርጋ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሰማያዊ ጨርቅ ሰፋች። «ሰማይ ሳላይ ሰማያዊ ሳይ ኖርኩ» ትላለች ስትቀልድ።

ታዲያ አንድም ዩኒፎርም ስፌቱ ለቀቀ ተብሎ ተመልሶባት አያውቅም። ስፌት ከተጣመመባት አታልፈውም፤ ትተረትረዋለች። አተራተሯም እንደ ሌላው ሰፊ አይደለም። ሌላው በምላጭ ቆራርጦ ይበታትነዋል፤ ቁርጥራጩ ጨርቁ ውስጥ ይቀርና ኋላ እንደ ፂም ብቅ ብቅ ይላል። እሷ የክሩን ጫፍ ትፈልጋለች። ካገኘችው በኋላ አትጎትተውም፣ ታባብለዋለች። አንድ ክንድ የሚሆን ክር ሳይበጠስ ወጥቶ ጣቷ ላይ ሲጠመጠም ፊቷ ይፈታል። «ክር እንደ ልጅ ነው፤ ከተቆጣኸው ይሸሸጋል» ትል ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት ዓይኗ የመርፌ ቀዳዳ አላሳይ ሲላት ክፍሏን ዘጋች። ሁለት ጆንያ የሰማያዊ ጨርቅ ቁራጭ ይዛ ወደዚህ ቤት ገባች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ግን ከኋላው ግቢ አለው፤ አሥራ ሁለት እርምጃ በስምንት። በገባች በማግሥቱ ጠዋት ጫማዋን አወለቀችና አፈሩ ላይ ዝም ብላ ቆመች። ልጇ «ምን ሆንሽ?» ቢላት፣ «ምንም፣ ልቁምበት» አለችው። ሲሚንቶ ላይ ያረጀ እግር ነው፤ ምን እንደተሰማው እሱ ያውቃል። ድንች ተከለች፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ጎመን፣ በሩ አጠገብ አንዲት ጽጌረዳ። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ዓይኗን ስትገልጥ የምታስበው ነገር አገኘች።

ልጅየው ክፉ ሆኖ አይደለም። አምና በዝናብ ጊዜ ጎመኗን ልታይ ስትወጣ ጭቃው አዳልጧት ወደቀች፤ የቀኝ አንጓዋ ተሰበረ። አርባ ቀን እጇ በጀሶ ታስሮ ሲከርም ልጇ በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት እየመጣ ቁልፏን ይቆልፍላት፣ ፀጉሯን ይሠራላት ነበር። እንደ ፌሮ አጥብቆ ስለሚያስረው ቅንድቧ ወደ ላይ ይሳባል። «ልጄ፣ ቤት እየሠራህብኝ ነው?» ትለው ነበር። ይስቅ ነበር፤ ግን በሳቁ መሀል ዓይኑ ቀይ ሆኖ ታየዋለች። እጇ ከዳነ በኋላም ከቀድሞው እኩል አልሆነም፤ ጆግ ስታነሳ ይንቀጠቀጣል። እሱም ከዚያ ወዲህ ግቢውን ባየ ቁጥር የሚታየው ጎመኑ ሳይሆን የወደቀችበት ቦታ ነው።

«ማጠጣትና መልቀም ብቻ ቢሆን ምን ቸገረኝ?» አላት ያን ቅዳሜ። «አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ተንበርክከሽ ከሰርዶ ጋር ስትታገዪ ነው የምትውይው። እሱ እንደሆን አይደክመው።»

«ካጠፋሁትስ?»

ልጇ ከረጢቶቹን አየ። አሰበ። «ከአምስት ሳምንት በኋላ ከሥራ ዕረፍት አለኝ። ዝናቡም ያኔ ነው የሚገባው። እስከዚያ ሰርዶው ከሄደ ሲሚንቶውን ወደ ሥራ ቦታ እመልሰዋለሁ። ካልሄደ ግን ግቢውን ዳር እስከ ዳር እሞላዋለሁ። አትከልክይኝም።»

«አልከለክልህም።»

«ቃል?»

«ቃል።» ድንቹን ተቀብላው ወደ ጓዳ ገባች። በቢላዋ ለሁለት ብትከፍለው ሥሩ መሀሉ ላይ ተጋድሞ አገኘችው።

እልህ ያዛት። ሰኞ ዕለት ዶማ አንሥታ፣ ተክሉን ብቻ እያለፈች፣ መደቡን ከዳር እስከ ዳር ከተከተችው። በአራት ቀን በአትክልቱ መሀል ያለው ሁሉ ጥቁር አፈር ሆነ፤ አንድ ሣር አይታይም። በሰባተኛው ቀን ግን በየስንዝሩ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ብቅ አለ። አንዱን ጫፍ ቆፍራ ብታየው ከሥሩ ያለችው ጣት የማታክል ቁራጭ ናት። በዶማው የቆረጠቻት። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም። ሰርዶ በየአንጓው ነፍስ አለው ማለት ነው፤ አንዱን ስትቆርጠው ሁለት ይሆናል። «አበዛሁት እኮ፣ ዘራሁት!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ቀጥላ የፈላ ውሃ አፈሰሰችበት። ቅጠሉ ጠወለገ፤ ሽንኩርቱም አብሮ ጠወለገ፤ በአራተኛው ቀን ሰርዶው ተነሣ፣ ሽንኩርቱ ግን እንደተኛ ቀረ። የዘርና የመሣሪያ ሱቅ ሄዳ መድኃኒት ጠየቀች። ባለሱቁ ጠርሙሱን አውርዶ ባንኮኒው ላይ ካስቀመጠ በኋላ ከእጁ አልለቀቀውም። «ልንገርዎት እትዬ፤ ይሄ ነገር ሰርዶን ከጎመን አይለይም። ያገኘውን ነው የሚያደርቀው። ጽጌረዳ አለኝ ብለውኛል አይደል?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ይቅርብዎ።» ጠርሙሱን መልሶ ሰቀለው። ባዶ እጇን ተመለሰች።

ከአምስቱ ሳምንት ሁለቱ እንዲህ ሄደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትታ ላለመቀመጥ የልጇን የሥራ ሱሪ ልትጠግን ያዘች። ኪሱን ሌላ ሰው፣ ምናልባትም ራሱ፣ በጥድፊያ ሰፍቶት ተጣሞ ነበር። መነጽሯን አደረገችና የክሩን ጫፍ ፈለገች። አገኘችው። ላላ አደረገችው፣ ትንሽ ሳበችው፣ ሲያስቸግራት ጨርቁን በምራቋ ነካ አድርጋ እንደገና አባበለችው። ክሩ ወጣ። ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ እጇ እንዳለ ቆመ። በመስኮቱ ግቢውን አየች፤ ጣቷን አየች፤ መልሳ ግቢውን አየች።

«ወይ እኔ!» አለች። «በምላጭ ነበር እኮ የተረተርኩት።»

ሱሪውን ጣል አድርጋ ወጣች። አንዱን መደብ በባልዲ ውሃ አራሰችው፤ ውሃው እስኪሰርግ ጠበቀች። ዶማውን ትታ ልጇ የተወላትን ባለ አራት ጥርስ መቆፈሪያ አነሣች። ከጫፉ ራቅ አድርጋ ወጋችና ሳትገለብጥ አፈሩን ብቻ ከፍ ዝቅ አደረገችው። ሐረጉ ላላ። በሁለት ጣቷ ያዘችው። ሲመጣላት ትስባለች፤ ሲያንገራግር ትታው አፈሩን እንደገና ታላላለች። ቀስ በቀስ መጣ፤ ነጩ ሥር ከነአንጓው፣ ከነሹል ጫፉ፣ ምንም ሳይበጠስ። በክንዷ ለካችው። አራት ክንድ ከስንዝር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በማለዳ ትወጣለች፣ ፀሐይ ሲበረታ ትገባለች። በየቀኑ አንድ እርምጃ መሬት። ጉልበቷ ሥር የጨርቅ ቁራጭ የሞላ ጆንያ ታነጥፋለች። ያወጣችውን ሐረግ ልማዷ ነውና እንደ ልብስ ጥቅል አጥፋ፣ በሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ ጠፍራ፣ ሁለት ዞር አድርጋ ጫፉን ከሥር በመሸጎጥ ታስረዋለች። ከዚያ አጥሩ ሥር ትከምረዋለች፤ እዚያ የተተከለ ነገር የለም፤ ይደርቃል፣ አፈር ይሆናል ትላለች። ሁልጊዜም የነቀለችውን የምታስቀምጠው እዚያ ነው።

ሥራው ወደ አጥሩ ባስጠጋት ቁጥር ግን አንድ ነገር እየታያት መጣ። ሐረጎቹ ሁሉ ጅራታቸው ወደ አንድ ወገን ነው። ከድንቹ መደብ የተነሣውም፣ ከካሮቱም፣ ከጎመኑም ሥር፤ ሁሉም ወደ አጥሩ ይሄዳሉ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ እጇ የአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ደረሰ። ሐረጉ ከቆርቆሮው ሥር ገብቶ ወዲያ ማዶ አለፈ። ብትስበው እምቢ አለ። ትንሽ ጠንከር ብትል ተበጠሰ።

ቁጭ ብላ የተበጠሰውን ጫፍ አየችው። አጥሩን አየችው። «አላልኩም?» አለች ለራሷ። «ከዚያ ሰውዬ ነው።»

ያ ሰውዬ ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ሹፌር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ሲያወራ እንኳ ቀኝ እጁ መሪ እንደያዘ ክብ የሚል፣ ረጅም ሰው። ከእትዬ መርፌ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆኑ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ምክንያቱም ሌላ ሳይሆን ይኸው ሰርዶ ነው። ያኔ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ሰርዶዎ ወደ እኔ እየገባ ነው» አለችው። «የኔ? የእርስዎ ነው እንጂ ወደ እኔ የሚገባው» አላት። እሷ አንድ አለች፣ እሱ ሁለት አለ። በመጨረሻ እጁን ክብ አድርጎ፣ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አሉ አህያ!» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። እትዬ መርፌ አህያ አለኝ ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ዓይንህን ላፈር አለችው፤ መንገድ ላይ ሲመጣ ካየችው ትሻገራለች።

ከሚስቱ ጋር ግን አልተጣሉም። ሁለቱ ሴቶች ልብስ ሲያሰጡ ቆርቆሮው ላይ ባለችው የምስማር ቀዳዳ ይነጋገራሉ። ያን ዕለትም የሹፌሩ ሚስት ዓይን ቀዳዳዋን ሞላት።

«እህቴ፣ ሰሞኑን አጥር ሥር የሚጭረው ምንድን ነው? እኔ አይጥ መስሎኝ ወጥመድ ላስገዛ ነበር።»

«አይጧ እኔ ነኝ።»

«ውይ! ታዲያ ምን ትጭሪያለሽ?»

እትዬ መርፌ ነገረቻት፤ ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ አምስቱ ሳምንት፣ ከአጥሩ ሥር ስለሚያልፈው ሐረግ። ሴትዮዋ ሰምታ ሰምታ ተነፈሰች። «እሱም ስላንቺ ይህንኑ ነው የሚለው። የኛም ግቢ እኮ በልቶት አልቋል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እናንተ ሰባት ዓመት ቅጠሉን ይዛችሁ ነው የምትነታረኩት። ለምን አትጠይቂውም?»

«እኔ? እሱን?»

«አይናከስም። ቢፈልግስ በየትኛው ጥርሱ?»

እትዬ መርፌ ሳቀች፤ ግን አልሄደችም። አንድ ቀን ቆየች፣ ሁለት ቀን። አጥሩ ዳር ያጸዳችው መሬት በሦስተኛው ቀን እንደገና አረንጓዴ ሆኖ አደረ። ቅዳሜ ልጇ መጣ። ሜትሩን አውጥቶ ግቢውን ለካ፤ አራት ካስማ በአራት ማዕዘን መታ፤ ሲባጎ ዘረጋባቸው። ጎመኑም ካሮቱም ሲባጎው ውስጥ ናቸው። ጽጌረዳዋም።

«የሚሞላው የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው» አላት። ፊቷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከፈለግሽ በጣሳ እተክልልሻለሁ፣ በረንዳው ላይ።»

«ጥሩ» አለች።

ልጇ እንደሄደ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ በፊት ለፊቱ በር ወጣች። ከእሷ በር እስከ ሹፌሩ በር አሥራ ሰባት እርምጃ ነው። አንኳኳች። የከፈተው ራሱ ነው። አያት፤ ወዲያው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ምነው? ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ስለ ሰርዶው ነው።»

«እሱ እንኳ አይሞትም።»

ከበስተኋላው ሚስቱ ሰሐን ማጠብ ትታ ጆሮዋን አቁማለች። እትዬ መርፌ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። «አጥሩ ሥር ገብቷል። ከእኔ በኩል ብቻ ብስበው ይበጠሳል፤ ከእርስዎ በኩል ብቻ ቢስቡትም ይበጠሳል። ከሁለቱም ወገን ካልተቆፈረ አይወጣም። ለአንድ ሳምንት ብቻ። ከዚያ በኋላ ኩርፊያችንን እንቀጥላለን።»

ሹፌሩ እጁን ክብ አደረገ፤ ወደ ግራ የሚታጠፍ ይመስል። «የማን ሰርዶ እንደሆነም በዚያው ይለያል?»

«ይለያል።»

«እንግዲያው ነገ እንጀምር። እኔ ይህን ነገር ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

በማግሥቱ የታችኞቹን ቆርቆሮዎች ከምስማራቸው አላቀቁ። አጥሩ ከፍ ብሎ በሥሩ አንዱ የሌላውን እጅ አየ፤ እሱ በዚያ በኩል ተንበርክኮ፣ እሷ በዚህ። እሱ ያላላል፣ እሷ ታባብላለች። መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር የሚሠሩት። እሱ መሰልቸት ሲጀምርና ሐረጉን ጎተት ሲያደርግ ግን አልቻለችም። «ኧረ ይተዉ! አውቶቡስ አይደለም፣ በጉልበት አይነሣም!» አለችው። እሱም፣ «እሺ ረዳት!» አላት። ሚስቱ በረንዳ ላይ ሆና ከት ብላ ሳቀች።

በሁለተኛው ቀን አንድ ክንድ ጥልቀት ላይ ደረሱ። ያገኙት ሐረግ አይደለም፣ ፍራሽ ነው። ነጩ ሥር እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ ተሸምኖ፣ የአጥሩን ርዝመት ሙሉ ተኝቷል። ከዚያ ፍራሽ ነው ወደ ሁለቱም ግቢ ጣቱን የሚዘረጋው። ሹፌሩ ከእሱ በኩል አንዱን ክምር ገለበጠና የሆነ ነገር ከአፈሩ መሀል መዞ አወጣ። አራገፈው። የጨርቅ ቁራጭ ነው። ሰማያዊ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

እትዬ መርፌ ዐወቀችው። ቋጠሮው አልተፈታም፤ ሁለት ዞር፣ ጫፉ ከሥር የተሸጎጠ። እንዲህ የሚያስር ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም። ሹፌሩ መቆፈሩን ቀጠለ፤ ሌላ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ። የላይኞቹ ገና ሰማያዊ ናቸው፤ ከሥር ያሉት ግራጫ፤ ከሁሉ በታች ያሉት ሲነኳቸው ክር ክር እያሉ የሚበኑ። በየቋጠሮው መሀል ያለው ሰርዶ ግን አልደረቀም። የጣሪያው ጠፈጠፍ አጥሩን አርሶት ኖሯል፤ በእርጥቡና በጥላው ውስጥ እያንዳንዱ ጥቅል ሥር ሰዷል። እሷ ሲጠፋባት ደርቆ አፈር ሆነ ትል ነበር። ለካ በቆርቆሮው ሥር እያለፈ ወደ ሰው ግቢ ሄዷል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ እሷ ተመልሷል።

ሹፌሩ ገና አልገባውም። እየቆጠረ ይደረድራል። ዝም ብትል ላይገባውም ይችል ነበር፤ ጨርቅ ነፋስም ያመጣዋል፣ ውሻም ይጎትተዋል። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ልብስ ተመልሶባት የማያውቅ ሴት ጉልበቷ ላይ እንዳለች ዓይኗን ጨፈነች።

«የኔ ነው» አለች። «ጨርቁም ቋጠሮውም የኔ ነው። ነቅዬ ነቅዬ እዚህ የምከምረው እኔ ነኝ። ይደርቃል ብዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሹፌሩ ጥቅሉን ይዞ ቀረ። እጁ ክብ አላለም። ሰባት ዓመት የጠበቀው ቃል ነው፤ ሲመጣ ግን ምን እንደሚያደርገው የጠፋው መሰለ። ሚስቱ ከበረንዳ ተነሥታ መጣች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከኋላው ቆመች።

«እንግዲህ ተናገራ አንተም!»

«ምኑን?»

«ምኑን ይለኛል! የነቀልከውን በአካፋ እየዛቅህ የት ነበር የምታራግፈው?»

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም… እዚሁ ነው» አለ። «እሷ በጨርቅ ታስራለች፣ እኔ ሳላስር እጥላለሁ። ልዩነታችን ይኸው ነው።» ጥቅሉን መሬት አስቀመጠና፣ «ያን ጊዜ የአህያዋን ነገር ያልኩትም እርስዎን አልነበረም» አላት።

«ማንን ነው ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። አፌ ላይ መጣልኝ። አህያው እኔው ሳልሆን አልቀርም።»

«እኔስ ምን ልበል?» አለች ሚስቱ። «አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት?»

እሑድ ልጇ ከአንድ የሥራ ጓደኛው ጋር አካፋና ባልዲ ይዞ መጣ። የጓዳውን በር አልፎ ግቢው ጫፍ ሲደርስ ቆመ። እናቱና ሹፌሩ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ጉድጓዱ የአጥሩን ርዝመት ሙሉ ይሄዳል፤ ቀጥ ያለ ነው፤ ግድግዳው እንደ ሳንቃ የተላገ ነው። ፍራሹ ሁሉ ወጥቶ ራቅ ብሎ በተነጠፈ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ልጅየው ስለ ሰርዶው አልጠየቀም። ግንበኛ ነውና ያየው ሌላ ነገር ነው።

«ይህ መሠረት ነው እኮ» አለ። ወርዶ ጥልቀቱን በሜትር ለካው። «ስልሳ ሳንቲ ሜትር። ማን ላገው?»

«እናትህ» አለ ሹፌሩ። «እኔ ሳጣምም ታስደግመኛለች።»

እትዬ መርፌ ከጉድጓዱ ወጣች። ቀሚሷን አራገፈች። ነገሩ የሚወሰነው አሁን ነው፤ የምትለውን ደግሞ ሌሊቱን ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ስታስበው ነው የሰነበተችው። «ልጄ፣ ሰርዶው አልጠፋም። አልዋሽህም። መደቡ ውስጥ የተበጠሰ ብዙ ጫፍ ቀርቷል፤ ዝናብ ሲመጣ ይነሣል። ቃሌ ቃል ነው፤ ዳር እስከ ዳር ሙላው ካልክ አልከለክልህም።» ቆም አለች። «ከጠየቅኸኝ ግን ሲሚንቶህን እዚህ አፍስሰው። ከላይ ሳይሆን ከሥር። የሚመጣበት በር ይዘጋል። ግቢ ውስጥ የቀረውን እኔ አንድ በአንድ እተረትረዋለሁ።»

ልጇ ሲባጎውን አየ፣ ጎመኑን አየ፣ ከዚያ የእናቱን ቀኝ እጅ አየ። እጇ በጭቃ ተለውሷል። እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ግን አልደበቀችውም።

«ብትወድቂስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ልወድቅ እችላለሁ።»

የሥራ ጓደኛው ባልዲውን አስቀምጦ ወደ ሌላ ወገን ማየት ጀመረ። በመጨረሻ ልጅየው ጎንበስ ብሎ አንዱን ካስማ ነቀለ። «ከበሩ እስከ መደቡ አንድ ሜትር ወርድ ያለው መንገድ አፈስሳለሁ። ጫፉ ላይ ዱካ ትቀመጣለች፤ ተቀምጠሽ እንጂ ተንበርክከሽ አትሠሪም። ዝናብ እየዘነበ አትወጪም። በዚህ አልደራደርም።»

«መንገዱ ይጥበብልኝ። ሰባ ሳንቲ ሜትር።»

«ሰማንያ።»

«እሺ፣ ሰማንያ» አለች፤ ሦስቱን ካስማ ራሷ ነቀለች።

ስድስቱ ከረጢት ከመሬት በታች ገባ፤ ሁለቱ መንገድ ሆነ፤ አራቱን ልጅየው በማግሥቱ ወደ ሥራ ቦታው ወሰደው። ቆርቆሮዎቹን መልሰው ሲመቱ ሹፌሩ አንዷን ተዋት፤ እትዬ መርፌም ይመታ አላለችም። በክፍቷ ቦታ፣ አዲሱ ሲሚንቶ ላይ፣ ክዳን ያለው፣ ውሃ የሞላ የቀለም ባልዲ አስቀመጡ። የተነቀለ ሰርዶ እዚያ ይገባል፤ ውሃ ውስጥ ወር ከከረመ ነፍስ አይኖረውም።

ዝናቡ ገባ። በአምስተኛው ቀን፣ ሰማዩ ጋብ ሲል፣ እትዬ መርፌ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ሳለች በሁለት የካሮት ተክል መሀል አንዲት አረንጓዴ ጫፍ አየች። ከመርፌ አትበልጥም። አልደነገጠችም። መነጽሯን አስተካከለች፤ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች፤ ጭራዋን ፈለገች። አገኘቻት። ላላ አደረገቻት፣ ትንሽ ሳበቻት፣ ተወቻት፣ እንደገና ሳበቻት። ስንዝር የምታህል ነጭ ሥር ከነሹል ጫፏ ወጣች። ጣቷ ላይ ጠመጠመቻትና ተነሥታ ወደ ባልዲው ሄደች።

ከወዲያ በኩል ረጅም ክንድ ክዳኑን አንሥቶ የራሱን ሲጥል አገኘችው።

«ዛሬ ስንት?» አላት ሹፌሩ።

«ከዚህች ጋር ሦስት። እርስዎስ?»

«ሰባት። አሸነፍኩዎ።»

«እንዴት አድርገው? ያሸነፈው ያነሰበት ነው እንጂ።»

«የበዛ ያወጣ ነው!»

«ያነሰበት ነው፣ አልኩዎ!»

በረንዳው ላይ የሹፌሩ ሚስት የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። «ጀመራችሁ ደግሞ?» አለች።

እትዬ መርፌ የጣቷን ጥምጥም ፈታች፤ ሥሯን ባልዲው ውስጥ ጣለችና ክዳኑን ገጠመችበት።